ሰባት ነጭ መብራት

የማህሩ ላሂጂ ስም በተነሳ ቁጥር «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል አይለየውም። ከኢራን ከተማ ከራሽት ወጥታ ባህር ማዶ በሻሞላ፣ በቀጭኑ የስፖርት ሰይፍ፣ ግጥሚያ የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ልጅ። ኢስታንቡል በተደረገው ውድድር ለፍጻሜ ከደረሱት ስድስት አንዷ የሆነች የመጀመሪያዋ ኢራናዊት። ሴቶች ሻሞላ መያዝ ቀርቶባቸው ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ልጃገረዶችን ሰብስባ ማሰልጠን የጀመረች የመጀመሪያዋ። አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ቃሉን አርባ አራት ዓመት ተሸክማዋለች። ሰው እንዲያ ብሎ ሲያስተዋውቃት አንገቷን ትደፋለች፤ ሰውም «እንዴት ያለች ትሑት ሴት ናት» ይላል። ማህሩን አንገት የሚያስደፋት ግን ትሕትና አልነበረም።

አንድ የመጸው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሃስቲ ከጃንጥላዋ ውሃ እያራገፈች ወደ ማሰልጠኛው አዳራሽ ገባች። ሃስቲ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ማህሩ ካሰለጠነቻቸው ልጆች ሁሉ የላቀችው እሷ ናት፤ አሁን ትንንሾቹን በማሰልጠንም ታግዛታለች።

«ኦስታድ፣ ከቴህራን ደውለው ነበር» አለች፤ ልጆቹ መምህራቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። «የሴቶች ስፖርት ማህበር። በሚቀጥለው ወር ሊሸልሙዎት ነው። ለዕድሜ ልክ ሥራ።»

ማህሩ የነጥብ መብራቱን የተጠላለፉ ሽቦዎች እየፈታች ነበር። ቀና አላለችም። «አትመጣም በያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ታማለች በያቸው።»

«ማን ያምነኛል? በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ልጅ አስለቅሰዋል። የታመመ ሰው እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት ያመጣል?»

ማህሩ አልሳቀችም። ሃስቲ ጎንበስ ብላ ፊቷን አየችውና ቀልዱን ተወችው።

«ኦስታድ፣ ይህ እኮ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኛን ያዩናል። አዳራሹ ያፈሳል፤ ሻሞላዎቹ ዝገዋል። እርስዎ እዚያ ሲቆሙ ስለ እኛም ይወራል።»

ማህሩ ሽቦውን አስቀመጠች። «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች።

አንገቷን የሚያስደፋት ነገር የሆነው እንዲህ ነው። ማህሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ራሽት ውስጥ ሻሞላ የሚማሩ ሴቶች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። የሚሰለጥኑት በአንድ አሮጌ የሐር መጋዘን ነው። አሰልጣኛቸው ኦስታድ ሆርሞዝ ጡረታ የወጣ መኮንን ነበር፤ ሲያነጥስ እንኳ ሰልፍ ላይ የቆመ ይመስላል። ከዘጠኙ ሁለቱ ጎልተው ወጡ። አንዷ ማህሩ ናት። ሌላዋ በአቅራቢያው ከተማ በፉማን የሚኖር ዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ ፉሩዛን።

ፉሩዛን በሳምንት ሦስት ቀን በሚኒባስ ትመጣለች። ምሳዋን ከማህሩ ጋር ትበላለች፤ ማህሩ የእናቷን የባቄላ ወጥ በሩዝ ታመጣለች፣ ፉሩዛን ከአባቷ ምድጃ በማህተም ያጌጠ ትኩስ ኩኪስ። ሁለቱ እህትማማች እንጂ ተቀናቃኞች አይመስሉም ነበር። ፉሩዛን በተለይ አንድ ምት ነበራት። ባላጋራዋ ክንዷን ከፍ ባደረገች ቅጽበት የሻሞላዋ ጫፍ ከክርን በታች ሾልኮ ጎን ላይ ያርፋል። ማመስገን የማይወደው ኦስታድ ሆርሞዝ እንኳ «ይህን እኔ አላስተማርኩሽም፤ ከእናትሽ ሆድ ይዘሽው ነው የወጣሽ» ብሏት ያውቃል።

በዚያ ጨዋታ ተጋጣሚዎቹ ከብረት ክር የተሸመነ ሰደርያ ይለብሳሉ። የሻሞላው ጫፍ ሰደርያውን ሲነካ ባለቀለም መብራት ይበራል፤ ነጥብ ነው። ክንድ ወይም እግር ወይም ጭምብል ከነካ ነጭ ይበራል፤ ጨዋታው ቆሞ ይቀጥላል እንጂ ነጥብ የለም። ራሽት ውስጥ የነበረው ሰደርያ ሦስት ነው። ለማህሩ ልክ የሚሆናት ደግሞ አንዱ ብቻ።

ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ በልምምድ ላይ አንድ ሻሞላ ተሰበረና ስባሪው የማህሩን ሰደርያ ከቀኝ ብብቷ በታች ሸረከተው። ማህሩን አልነካትም። ሰደርያውን ቤቷ ወስዳ ከእናቷ የስፌት ሳጥን የብረት ክር የሌለበት ተራ ግራጫ ጨርቅ አወጣች፤ ከላይ ደርባ ጠቀመችው፤ እጇ ጥሩ ስለነበር ካልተጠጉት አይታይም። በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ቀድማ ገብታ ከማሽኑ ጋር አገናኘችውና የሻሞላ ጫፍ በእራፊው ላይ ጫነች። ነጭ በራ። ቦታውን ቀይራ ደገመችው። ነጭ። አንድ መዳፍ የሚያክል ስፍራ፣ ልክ የፉሩዛን ምት የሚያርፍበት።

ለኦስታድ ሆርሞዝ ልትነግረው ነበር። በእርግጥም ወደ ክፍሉ ሄዳለች። እሱ ስልክ ላይ ነበር፤ በእጁ «ቆይ» አላት። ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ተመለሰች። በኋላ ራሷን ስትመረምር ሁልጊዜ የምትቆመው እዚያች በር ላይ ነው። ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ቢያስጠብቃት ነው። ሁለት ደቂቃ መታገስ አቅቷት ሳይሆን፣ መሄጃ ምክንያት ስላገኘች ነው የሄደችው።

ቴህራን ላይ በተደረገው ምርጫ በቡድኑ አንድ ቦታ ነበር የቀረው፤ ለዚያ ቦታ መጨረሻ ላይ የተገናኙት ሁለቱ የራሽት ልጆች ሆኑ። ቀድማ ስምንት ጊዜ የነካች ታሸንፋለች። ከመጀመራቸው በፊት፣ እንደ ደንቡ፣ አንዷ የሌላዋን ደረት በሻሞላ ጫፍ ነካች፤ መብራቱ በትክክል በራ፤ ዳኛው «ቀጥሉ» አለ።

ፉሩዛን ያን ቀን እንደ እሳት ነበረች። የመጀመሪያው የጎን ምቷ ሲያርፍ ማህሩ ጫፉ የጎድን አጥንቷን ሲወጋት ተሰማት። ነጭ በራ። ሁለተኛው፣ ነጭ። ሦስተኛው ላይ ፉሩዛን ዞራ መብራቱን አየችው፤ ከዚያ የገዛ እጇን አየችው። አራተኛው ነጭ ሲበራ ጭምብሏን ወደ ላይ ገለጥ አድርጋ ወደ ዳኛው ሄደች።

«ጌታዬ፣ ሰደርያዋ ይታይልኝ። ጎኗን ነክቻለሁ።»

ዳኛው ወደ ማህሩ ዞረ። ቁመተ ረጅም፣ የተሰላቸ ሰው ነበር፤ ምሳ ሰዓቱ አልፎበታል። «ልብስሽ ደህና ነው?» አላት።

«ደህና ነው።»

«ከመጀመራችን በፊት ታይቷል አይደል?»

«ታይቷል፣ ጌታዬ።»

ፉሩዛን ማህሩን አየቻት። በዓይኗ ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም። ማህሩ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ያልረሳችው እሱን ነው። ፉሩዛን «ማህሩ ካለችማ እኔው ነኝ የሳትኩት» በሚል ፊት ራሷን ነቀነቀችና ጭምብሏን መለሰች። ከዚያ ወዲያ ምቷ ተበላሸ። ሦስት ጊዜ ደግሞ ጎን ሞከረች፤ ሦስት ጊዜ ነጭ። ማህሩ ስምንት ለስድስት አሸነፈች።

ሲመለሱ በአውቶቡስ ውስጥ ኦስታድ ሆርሞዝ ፉሩዛንን አልማራትም። «ሰባቴ ክንድ ላይ! እጅሽ ደንዝዟል። ጫፍሽ የሰው ገላ የት እንዳለ አያውቅም» አላት። ፉሩዛን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማህሩ ከጎኗ ተቀምጣ ነበር። ቃል አልተነፈሰችም። በሦስተኛው ሳምንት ፉሩዛን መምጣት አቆመች። ማህሩ ሰደርያውን በአዲስ የብረት ክር ጨርቅ አስጠግና ኢስታንቡል ሄደች፤ ስድስተኛ ሆና ስትመለስ በአውሮፕላን ማረፊያው አበባ ጠበቃት።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ጋዜጦቹ ጻፉ። ሦስት ዓመት ለሀገሯ ተሰለፈች። አብዮቱ መጣ፤ የሴቶች ሻሞላ ቀረ፤ መጋዘኑ የማዳበሪያ ማከማቻ ሆነ። ማህሩ በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ሽሮፕ ስትቀዳ ኖረች፤ አገባች፤ ባሏን ቀበረች። ሴቶች ፀጉራቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ ሲፈቀድ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት አራት ልጆች ይዛ ጀመረች። ለልጆቹ ከሁሉ በላይ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ከተነካሽ እጅሽን አንስተሽ ተነክቻለሁ በይ። መብራቱን አትጠብቂ።» በዚህ ጉዳይ ምሕረት አታውቅም። ሃስቲ አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ጊዜ ተነክታ ዝም በማለቷ አንድ ወር ሙሉ አባርራታለች።

ሽልማቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማህሩ ሚኒባስ ተሳፍራ ፉማን ወረደች። የፉሩዛንን ቤት ለማግኘት አልተቸገረችም። ፉሩዛን በዋናው መንገድ ላይ የአባቷን መጋገሪያ ወርሳ ኩኪስ ትሸጣለች። ደጁ ላይ ሰው ተሰልፏል። ፉሩዛን ወፍራለች፤ ሽበቷ ከሻሽዋ ሥር ወጥቷል፤ ክንዶቿ እስከ ክርናቸው ዱቄት ናቸው። ማህሩ ተራ ይዛ ቆመች፤ ከፊቷ የነበሩት ሰዎች ቢበዙ በወደደች።

«ስንት ላድርግልሽ?» አለች ፉሩዛን ቀና ሳትል። ከዚያ ቀና አለች። «አንቺ!» ፊቷ በራ። «ማህሩ ጃን፣ የኔ ውድ፣ አንቺ ነሽ? በቴሌቪዥን ካየሁሽ ቀጭነሻል። ግቢ፣ ግቢ፣ ዝናብ ላይ ምን ያቆምሻል?»

ይህ ደስታዋ ማህሩን ከስድብ ይልቅ ከበዳት። ፉሩዛን ከመደርደሪያው ጀርባ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት፤ ሻይ ቀዳችላት። ማህሩ ሻዩን ሳትነካ ተናገረች። ሰደርያውን፣ ግራጫውን ጨርቅ፣ ማሽኑ ላይ ብቻዋን ሆና መሞከሯን፣ ዳኛው ሲጠይቃት ያለችውን። ስትናገር ዓይኗ መሬቱ ላይ ነበር፤ የፈሰሰ ዱቄትና የጫማ ዱካ ብቻ ይታያታል።

ፉሩዛን አላቋረጠቻትም። አንድ ደንበኛ መጥቶ ሁለት ኪሎ ጠየቀ፤ መዘነችለት፣ በካርቶን አስራ ሰጠችው፣ «መልካም ጉዞ» አለችው። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ስንቴ ነበር ነጭ የበራው?»

«ሰባት።»

«እኔ አምስት ነበር የሚመስለኝ። አንቺ ግን ቆጥረሻል።»

ፉሩዛን ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋችው።

«ልጄ ትንሽ ሆና ስፌት ልማር ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? ተይው፣ በእኛ ዘር እጅ ቀጥ አይልም አልኳት። ይኸው ኩኪሱን ሳትም እንኳ ሁለቴ ነው የማየው፤ ማህተሙ መሃል አርፎ ይሆን ብዬ። አርባ አራት ዓመት።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እና ለምንድን ነው አሁን የመጣሽው?»

«ሊሸልሙኝ ነው።»

«እንግዲያማ ለእኔ ብለሽ አይደለማ። ሽልማቱ አልዋጥ ብሎሽ ነው። ሻይ ነገር ፈልገሽ መጣሽ፣ ማወራረጃ።»

«እውነትሽን ነው።»

«እውነቴን እንደሆነማ አውቃለሁ።» ፉሩዛን ተነስታ የምድጃውን በር ከፈተች፣ ዘጋች። «ይቅር በይኝ እንዳትይኝ። አልልሽም። ሄደሽ እዚያው ሰው ፊት ተናገሪው። እኔን አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው ምት ስስት ያየኝ፤ ለእኔ ብቻ በጓሮ ሹክ ብትይኝ ምን ይረባኛል?»

ስትወጣ ፉሩዛን የኩኪስ ካርቶን አልሰጠቻትም። በዚያ አገር እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ምን ማለት እንደሆነ ማህሩ ታውቃለች።

በሽልማቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሃስቲ የፊተኛው ረድፍ ላይ ስልኳን ደግና ትቀርጻለች። ማህሩ ስሟ ሲጠራ ወጣች። የምትለውን በወረቀት ጽፋዋለች፤ ሦስት ቀን ደክማበታለች። ድምፅ ማጉያው ፊት ስትቆም ግን ያን ሁሉ የሚያያትን ዓይን ተመለከተች። ወረቀቱን ሳታወጣ ተናገረች።

«ይህ ክብር ለእኔ ብቻ የሚገባ አይደለም» አለች። «ለቡድኑ ስመረጥ የለበስኩት ሰደርያ ጉድለት ነበረበት። በዚያ ምክንያት የፉማኗ ፉሩዛን ምት ሳይቆጠርላት ቀርቷል። ቦታው የሷ ነበር።»

ከዚያ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላው ተከተለ፤ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ቆመ። አስተዋዋቂው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ድምፅ ማጉያውን ተቀበላት። «ጀግኖቻችንን ተመልከቱ» አለ። «በክብራቸው ቀን እንኳ ጓደኛቸውን የማይረሱ።» ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ማህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ተሳስታችኋል» ብላ ልታቋርጣቸው አሰበች፤ ጭብጨባው ግን ሞቃት ነበር። እሷ ደግሞ ደካማ ነበረች። ቆመች፣ ፎቶ ተነሳች።

በማግስቱ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

«ቪዲዮውን ልጄ አሳየችኝ» አለች ፉሩዛን።

«ፉሩዛን ጃን…»

«ዋሾው ሰደርያው ነው ማለት ነው? አንቺ ውስጡ ብቻ ነበርሽ?»

ፉሩዛን መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ማህሩ ሃያ ሁለቱን ልጆች ወለሉ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሃስቲ በሩ አጠገብ ቆማለች። ማህሩ በዚህኛው ጊዜ ቃላቱን አላለሰለሰችም። «ሰደርያው ቀዳዳ ነበረው። ራሴ ጠቅሜዋለሁ። እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ዳኛው ጠየቀኝ፣ ዋሸሁት። ጓደኛዬ አመነችኝ። ሁላችሁም የምትጠሩኝ ስም ከዚያ ውሸት የመጣ ነው።» ይህንኑ በደብዳቤ ጽፋ ለማህበሩም ልካዋለች፤ ሜዳሊያውንም አብራ።

ትንንሾቹ ተያዩ። አንዷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ቀልድ መስሏት። ከኋላ ግን የሃስቲ ድምፅ መጣ።

«እኔን አንድ ወር አባርረውኛል።»

«አዎ።»

«እናቴ በረንዳ ላይ ስታለቅስ ነበር። ለአንድ ምት። መብራቱ እንኳ ያልበራ አንድ ምት።»

«አዎ፣ ሃስቲ።»

«እኔ እንደ እርስዎ ልሁን ብዬ ነበር ያደግሁት» አለች ሃስቲ። ጓንቷን አውልቃ አግዳሚው ላይ አኖረችና ወጣች። ማህሩ አልጠራቻትም። በየትኛው አፏ ትጠራታለች? በወሩ መጨረሻ ሦስት ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። ማህበሩ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ ከማህደርዎ ጋር ይቀመጣል» የሚል አጭር መልስ ላከ፤ ሜዳሊያውንም መለሰው።

ሃስቲ ከአርባ ቀን በኋላ ተመለሰች። ለልጆቹ ስትል እንደተመለሰች ፊት ለፊት ተናገረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማህሩን «ኦስታድ» ብላ አታውቅም፤ «ኻኖም ላሂጂ»፣ ወይዘሮ ላሂጂ፣ ነው የምትላት፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ። ማህሩ ሁልጊዜ ይሰማታል፤ የሚገባት እንደሆነም ታውቃለች።

ፉሩዛን የመጣችው የፀደይ መግቢያ ላይ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ልምምዱ መሃል ላይ፣ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ዱቄት ያልነካው ኮት ለብሳለች። ለማህሩ በአገጯ ሰላምታ ሰጠችና ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ ቆመች፤ ወንበር ሲያመጡላት «ለእንግድነት አልመጣሁም» አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ልጆቹን አየች። ከዚያ ፊት ለፊቷ ወደምትለማመድ ቀጭን ልጅ ጠጋ አለች።

«ክንድሽን ቀድመሽ አታንሺ፣ የኔ ቆንጆ። እሷ ታንሳ። አንቺ ጠብቂ። ስታነሳ… አሁን።»

የልጅቷ ጫፍ ከባልንጀራዋ ክርን በታች ሾልኮ ጎኗ ላይ አረፈ። ቀይ በራ። ልጅቷ ዞራ ፉሩዛንን አየቻት፤ ፉሩዛን ግን መብራቱን ነበር የምታየው። ለረጅም ጊዜ አየችው።

ልምምዱ ሲያልቅ ማህሩ ተጠጋቻት።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች ፉሩዛን ኮቷን እየቆለፈች።

«አውቃለሁ።»

«ያቺ ቀጭኗ ልጅ እጅ አላት። አንቺ እያበላሸሻት ነው፤ ጎን መምታት የሚባል ነገር ጨርሶ አላስተማርሻቸውም። ለምን?»

ማህሩ እውነቱን ተናገረች። «ማየት አልችልም ነበር።»

«እኔ አያለሁ» አለች ፉሩዛን። «ማክሰኞ ማክሰኞ መጋገሪያውን ልጄ ትይዝልኛለች።»

በየማክሰኞው ትመጣለች። ሁለቱ ሴቶች ስለ ልጆቹ ብቻ ነው የሚነጋገሩት፤ ምሳ አብረው አይበሉም። ልጆቹ ፉሩዛንን «ኦስታድ» ማለት የጀመሩት ማንም ሳይነግራቸው ነው፤ ቀድማ ያለችው ሃስቲ ናት። ማህሩ ሽቦ እያገናኘች ስትሰማው ፊቷ ይግላል፤ ዛሬም ድረስ። ግን ቀና ብላ ታያቸዋለች፤ ፉሩዛን በዚያ በወፈረው እጇ የአንዲትን ልጅ ክርን ይዛ ዝቅ ስታደርግ፣ ልጅቷም ትንፋሿን ውጣ ስትጠብቅ።